ፍሉድ ሄዳችሁ "ሞተ" ከማለታችሁ በፊት፦ ውስጡ ምን አለ፣ ምን ያስቸግረዋል፣ እንዴት ይያዛል

ፍሉድ ሄድ ማለት ትራይፖድ አናት ላይ ካሜራውን ይዞ የሚያዞረው፣ ውስጡ ወፍራም ፈሳሽ (ፍሉድ) ያለው ዕቃ ነው። ፓን (ወደ ግራና ቀኝ ማዞር) አድርጋችሁ ስታቆሙ ምስሉ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለስባችኋል፣ ወይ ቲልት (ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበል) አድርጋችሁ እጃችሁን ስታነሱ ካሜራው በአፍጢሙ ሊደፋ ይላል፣ ወይ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ልትጀምሩ ስትሉ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ከዛ ዘሎ ይሄዳል። ይሄ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚለው "ሄዱ ሞቷል፣ ፍሉዱ አልቋል" ነው፣ ከዛ ወይ አዲስ ለመግዛት ብር ማሰባሰብ ይጀምራል ወይ ካቻቢቴ አንስቶ መፍታት። ሁለቱም ገና ናቸው። ፍሉዱ ሥራ በበዛበት ቁጥር እያለቀ የሚሄድ ነገር አይደለም፣ ታሽጎ የተቀመጠ ነው፣ እና ሄድ ላይ የሚመጡት ችግሮች በብዛት ከፍሉዱ ጋር አይገናኙም፤ የላላ ብሎን ነው፣ ባላንስ ያልተደረገ ካሜራ ነው፣ ወይ ሎኩን (መቆለፊያውን) እንደ ድራግ (እንቅስቃሴውን የሚያከብደው የፍሉዱ ተቃውሞ) የመጠቀም ልማድ ነው። ይሄን የምጽፈው በማይሆን ምክንያት ደህና ሄድ ሲጣል፣ ከዛም በባሰ ደህና ሄድ በስፕሬይ ሲገደል ማየት ስለሚያናድደኝ ነው።

መጀመሪያ ውስጡን እንይ፣ እሱ ከገባን ቀሪው ቀላል ነው። ሄዱ ውስጥ ለፓን አንድ ለቲልት አንድ የታሸጉ ክፍሎች አሉ፣ በነሱ ውስጥ በጣም ተቀራርበው የተደረደሩ ዲስኮች ወይም አንዱ አንዱ ውስጥ የገቡ ሲሊንደሮች ይገኛሉ፣ በመሃላቸው ያለችው ቀጭን ክፍተት ደግሞ በወፍራም ሲሊኮን ግራሶ የተሞላች ናት። ከዲስኮቹ ግማሾቹ ከታችኛው አካል ጋር ግማሾቹ ከላይኛው ጋር ስለተያዙ ፓን ስታደርጉ አንዱ ቆሞ ሌላው ይዞራል፣ መሃል ያለው ግራሶ ይጎተታል ማለት ነው። ማር ውስጥ ማንኪያ ከታችሁ ብታማስሉ የሚሰማችሁ ነገር ነው፤ ቀስ ካላችሁ ይለቅላችኋል፣ ልፍጠን ካላችሁ ይይዛችኋል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ተቃውሞው ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ስለዚ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ የምትመጣዋ ፈጣን ንቅንቅ ትታፈናለች፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዋናው እንቅስቃሴ ግን ያልፋል። ደረቅ ሰበቃ ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ ቆሞ እያለ አጥብቆ ይይዝና አንዴ ከተነቃነቀ በኋላ ይላላል፣ ፓኑ ዘሎ የሚጀምረው በዚ ምክንያት ነው። ዘሎ ጀመረ ማለት አንድ ቦታ ደረቅ ሰበቃ ገብቷል ማለት ነው፣ ይቺን ያዙልኝ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ሲሊኮን የተመረጠው ከተራው የሞተር ዘይት ጋር ሲወዳደር ሙቀትና ብርድ ብዙ ስለማይለዋውጡት ነው። ውፍረቱ በሴንቲስቶክ ይለካል፣ ውሃ 1 አካባቢ ነው፣ ለእንዲህ አይነት ሥራ የሚውሉት ሲሊኮኖች ግን ከአስር ሺዎች ተነስተው መቶ ሺዎች ውስጥ ይገባሉ። የድራግ ቁልፉን ስታዞሩ ፍሉዱ አይቀየርም፣ የሚቀየረው ሥራ ላይ የሚገባው ክፍል ነው፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ በደረጃ የሚሄደው ላይ ተጨማሪ ዲስኮች ይያያዛሉ፣ ያለ ደረጃ የሚዞረው ላይ ደግሞ የሚገናኘው ስፋት ወይም ክፍተቱ ይለወጣል። ይሄ ነገር የመጣው ከእውነተኛ ችግር ነው፣ አሜሪካዊው ኢንጂነር ቻድዌል ኦኮነር የእንፋሎት ባቡር መቅረጽ የሚወድ ሰው ነበር፣ የሚሮጥ ባቡር እየተከተለ ያለ ዝላይ ፓን ማድረግ ስላቃተው ነው በፍሉድ የሚሠራ ሄድ የሠራው፣ በኋላም ኦስካር የሚሰጠው አካዳሚ ለዚሁ ሥራው የቴክኒክ ሽልማት ሰጥቶታል። የሄድና የትራይፖድ አምራቹ ሳክትለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ሙኒክ ውስጥ የተመሠረተ ነው፣ መሥራቹ ዌንደሊን ሳክትለር ራሱ ካሜራማን ነበር። ሥራው ላይ የነበሩ ሰዎች የሠሩት ዕቃ ስለሆነ ነው እጅ ላይ እንደዛ የሚስማማው።

አንድ ነገር ሳልለው እንዳላልፍ፣ "ፍሉድ ሄድ" ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ፍሉድ ሄድ አይደለም። ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ፕላስቲክና ፕላስቲክ መሃል የተቀባ ግራሶ ብቻ ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፣ ሎኩን ሙሉ በሙሉ ፍቱና እጀታውን መጀመሪያ በጣም ቀስ ብላችሁ ከዛ ፈጠን አድርጋችሁ ግፉት። ስትፈጥኑ ክብደቱ ከጨመረ እውነተኛ ነው፣ ቀስም አላችሁ ፈጠናችሁ ያው አንድ ከሆነ ግን ደረቅ ሰበቃ ነው የያዛችሁት። እንደዛ ያለው ላይ ከዚህ በታች የምለው ግማሹ ይሠራል ግማሹ አይሠራም፣ ለቆመ ሾት ይሆናችኋል፣ በረጅም ሌንስ ፓን ለማድረግ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

አሁን ወደ ሎኩ። ፓን ላይም ቲልት ላይም ያለው ሎክ ብሬክ ነው፣ ደረቅ ዕቃ ዲስክ ላይ ወይም ዘንግ ላይ አጥብቆ ይይዛል። ብዙ ልጆች ግን ፓኑ ቀለለኝ ሲሉ ሎኩን ግማሽ ድረስ ያጠብቁና እንደ ድራግ ይጠቀሙበታል። በዚህ ጊዜ ፍሉዱ የሠራውን ልስላሴ ብሬኩ ያበላሸዋል፣ ቅድም ያልኩት ደረቅ ሰበቃ ገባ ማለት ነው፣ ከዛ አጀማመሩ ላይ ይዘላል። ከዛም በላይ ብሬኩ ላይ ያለው ነገር ቀስ በቀስ ይበላና ከጊዜ በኋላ እስከመጨረሻ ብታጠብቁትም መያዝ ያቅተዋል። ስለዚ ሎክ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ሙሉ ክፍት ወይም ሙሉ ዝግ። ፓኑ ሲዘልባችሁ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይሄን ነው፣ ሎኩ የተፈታ ይመስላችሁና አንድ ሩብ ዙር ያህል ይዞ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ማንሻ ቦታ ጠቦት ግድግዳ ወይ ሌላ ቁልፍ ስለሚነካ ነው ሙሉ የማይፈታው፣ እንደ ማንፍሮቶ ያሉ ብራንዶች ላይ ማንሻውን ወደ ውጪ ሳብ አድርጋችሁ ያለ ሥራ አዙራችሁ ጥርሱ ላይ መልሳችሁ ብትለቁት አቅጣጫው ይቀየራል፣ ብሎን መፍታት አያስፈልግም።

ፓን ስታቆሙ ወደ ኋላ መመለስ የሚባለው ደግሞ የሁሉም ለቅሶ ነው። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ ቆማችሁ ታቦቱን በ200 ሚሜ ሌንስ እየተከተላችሁ ስታቆሙ ምስሉ ሸርተት ብሎ ከተመለሰ ሾቱ አለቀ፣ ኤዲት ላይ ስታብላይዝ አድርጉት ብትሉም አያምርም። እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ፣ ፍሉድ በተፈጥሮው ተመልሶ አይመጣም፣ ፍሉድ ያቆማል እንጂ አይገፋም። የሚመልሰው ነገር ተጠምዝዞ የነበረ ዕቃ ነው፤ እግሩ፣ ቦሉ (ሄዱ የሚቀመጥበት የትራይፖዱ ጎድጓዳ አናት)፣ ፕሌቱ (ካሜራው ሥር የሚታሰረው ዝርግ ዕቃ)፣ እጀታው፣ አንዱ ስትገፉ ተጠምዝዞ ስትለቁ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚ ፍለጋው ከሥር ነው የሚጀምረው፣ ከመሬት ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ።

እንዲህ አድርጉ። ካሜራውን ጫኑ፣ ሌንሱን እስከመጨረሻ ዙም አድርጉና የመስኮት ጥግ ወይም የፖል ጠርዝ የስክሪኑ ዳር ላይ አስቀምጡ። ድራጉን መካከለኛ ላይ አድርጋችሁ ፓን አድርጉ፣ ጠርዙ መሃል ላይ ሲደርስ አቁሙና እጃችሁን ከእጀታው አንሱ። ስንት እንደተመለሰ እዩ። ከዛ ሌላ ሰው ፓኑን እየደጋገመ እናንተ ዝቅ ብላችሁ መጀመሪያ የእግሮቹን መቆለፊያ፣ ቀጥሎ እግሮቹ ከላይ ከትከሻው ጋር የሚገናኙበትን፣ ቀጥሎ ስፕሬደሩን (ሦስቱን እግሮች የሚያያይዘውን) በእጃችሁ ያዙ። ከዛ ዋናው ቦታ ይመጣል፣ የሄዱ ግማሽ ኳስ ቦሉ ላይ የተቀመጠበት ስንጥቅ ላይ አውራ ጣታችሁን አድርጉ፣ ግማሹ ጣት ቦሉን ግማሹ ሄዱን እንዲነካ። ፓን ሲደረግ በጣታችሁ ሥር ሁለቱ ብረቶች ሲንሸራተቱ ከተሰማችሁ አገኛችሁት፣ ሄዱን ቦሉ ላይ የሚያስረው ከሥር ያለው እጀታ አልጠበቀም። በዓይን አይታይም፣ ጣት ግን አይሳሳትም። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ በሩጫ ሌቭል አድርጋችሁ በሩጫ የምታጠብቁት እሱ ነው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሁለተኛ ጊዜ ማጥበቅ ይፈልጋል። ያልጠበቀበት ምክንያት ቦሉ ውስጥ የገባ አሸዋ ወይም ዘይት ሊሆንም ይችላል፣ ሁለቱንም ፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና መልሳችሁ እሰሩ። እዚህ ቦታ ላይ ግራሶ የሚቀቡ አሉ፣ በጭራሽ አይቀባም፣ እዚህ መያዝ ነው የምንፈልገው።

ሄዳችሁ ግማሽ ኳስ ሳይሆን ዝርግ ሆኖ በ3/8 ኢንች ብሎን የሚታሰር ከሆነ ሄዱ ራሱ ብሎኑ ላይ ትንሽ ሊፈታ ይችላል፣ በተለይ ሁሌ ወደ ግራ ፓን የሚያደርግ ሰው ራሱ እየፈታው ነው። ብዙ ትራይፖዶች ላይ ከመቀመጫው ሥር ሦስት ትናንሽ ብሎኖች አሉ፣ ሄዱን ከሥር ወደ ላይ የሚገፉ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ነው የሚፈልጉት። ሄዱን በእጅ አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ እነሱን ትንሽ ነካ አድርጓቸው፣ ብዙ ሰው መኖራቸውንም አያውቅም። ከዛ ወደ ላይ ውጡ፣ ፕሌቱ ካሜራው ላይ የታሰረባት 1/4 ብሎን በሳንቲም ነው በጣት ነው የታሰረችው? በሳንቲም ወይ በካቻቢቴ መሆን አለበት፣ በጣት አይበቃም። ፕሌቱ ላይ ያለው ላስቲክ ካረጀና ዘይት ከጠጣ ካሜራው እሱ ላይ ይሽከረከራል። በመጨረሻም እጀታው፣ ሄዱ ላይ የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ክብ ቦታ ከተበላ እናንተ ስትገፉ መጀመሪያ እጀታው ይሄዳል፣ ካሜራው ኋላ ይከተላል፣ ስታቆሙም እንደዛው። ጥርሱ ላይ በደንብ ሳይገጥም ስለሚታሰር ነው የሚበላው፣ ገጥሞ ሲቀመጥ "ቀጭ" የምትል ስሜት አላት።

ሁሉም ጠብቆ አሁንም ከተመለሰ ድራጉን ቀንሱ። ቀላል እግር ላይ ከባድ ድራግ ስታደርጉ ኃይላችሁ ሄዱን ከማዞሩ በፊት እግሮቹን ይጠመዝዛል፣ ስትለቁ እግሮቹ ይፈታሉ። የእግሩን ጥንካሬ የሚያልፍ ድራግ አይጠቅምም፣ ይሄን የምለው ብዙ ሰው ድራግ በጨመረ ቁጥር ፓኑ የሚያምር ስለሚመስለው ነው። እግሩን ዝቅ ማድረግም ይረዳል፣ ቀጭኗን የመጨረሻዋን እግር አታውጡ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ፣ ጠንካራ እግር ላይ በዝቅተኛ ድራግ አሁንም የሚመለስ ከሆነ ያኔ ውስጡ የተበላ ነገር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

ቲልት ላይ ያለው ነገር ከዚህ ይለያል፣ እኔ በጣም የምጨነቅለትም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ካሜራ የሚሰብረው እሱ ነው። ካሜራው ከሚታጠፍበት ዘንግ በላይ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይረጋጋል፣ ዘንበል ሲል ግን የራሱ ክብደት ይጎትተዋል፣ ባጎነበሰ ቁጥር ደግሞ የበለጠ። በቁጥር እንየው፣ ካሜራችሁ ከነሌንሱ 4 ኪሎ ቢሆንና የክብደቱ መሃል ከዘንጉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ 30 ዲግሪ ስታጎነብሱት ወደ 2 ኒውተን ሜትር ይጎትታል፣ 40 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል ተሸክማችኋል ማለት ነው። 60 ዲግሪ ላይ ከ850 ግራም በላይ ይሆናል። ካውንተር ባላንስ የሚባለው ይሄን ክብደት ከናንተ እጅ የሚቀበል ሞላ ነው። ትክክል ሲሆን የትኛውም ማዕዘን ላይ ስታቆሙት እዛው ይቆማል፣ ድራግ ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳን። ድራግ ክብደት አይሸከምም፣ ያዘገየዋል እንጂ። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ግማሹ የቲልት ችግር አለቀ።

አደራረጉ ቅደም ተከተል አለው። ካሜራውን የምትቀርጹበት ሁኔታ ላይ አድርጉት፣ ሌንሱ፣ ባትሪው፣ ሞኒተሩ፣ ማይኩ፣ ሁሉም ተጭኖ። ካውንተር ባላንሱን ዝቅተኛው ላይ፣ የቲልት ድራጉንም ዜሮ ላይ አድርጉ፣ አንድ እጃችሁ ግን እጀታው ላይ ይሁን። ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ በሁለት ጣት ብቻ ያዙትና የትኛው ወገን እንደሚከብድ ስሙት፣ ሌንሱ ከከበደ ፕሌቱን ወደ ኋላ ሳቡት፣ ኋላው ከከበደ ወደ ፊት። ፕሌቱ በቂ ቦታ ከሌለው ረጅም ፕሌት ፈልጉ፣ እንደ 70-200 ሚሜ ያለ ከባድ ሌንስ ላይ ከሆነ ደግሞ ካሜራውን ሳይሆን የሌንሱን ማሰሪያ ነው ፕሌቱ ላይ የምታስሩት። ፊትና ኋላው እኩል ሲሆን ካውንተር ባላንሱን እየጨመራችሁ 30 ዲግሪ ላይ ልቀቁ ያዙ እያላችሁ ሞክሩ፣ ወደ ታች ከሄደ ጨምሩ፣ ተመልሶ ቀና ካለ ቀንሱ። ድራጉን መጨረሻ ላይ ነው የምትጨምሩት፣ እንደ እጃችሁ ስሜት። ሰው ብዙ ጊዜ ከድራጉ ይጀምርና የካሜራውን አለመስተካከል በድራግ ይሸፍነዋል፣ ከዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ቃለ መጠይቅ ሲቀርጽ ፍሬሙ ቀስ እያለ ወርዶ ከሰውየው ራስ በላይ የነበረው ክፍተት መጨረሻ ላይ ጠፍቶ ያገኘዋል።

አሁን በብዛት የሚመጣ ጥያቄ ግን ተቃራኒው ነው፣ "ካሜራዬ አጎንብሶ አልቆም አለ፣ ራሱ ቀና ይላል"። ይሄ ብልሽት አይደለም። ድሮ ትልልቅ ካሜራ ነበር፣ አሁን ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ባትሪውን ይዞ 650 ግራም ነው፣ የመጀመሪያው 24-70 ጂኤም ሌንስ 886 ግራም፣ ድምሩ 1.5 ኪሎ አካባቢ። ማንፍሮቶ 502 የሚባለው ሄድ ላይ ያለው ሞላ ደግሞ የማይቀየር ነው፣ ለ4 ኪሎ የተሠራ። የ4 ኪሎ ሞላ 1.5 ኪሎን ካላስፈነጠረ ማንን ያስፈነጥራል። መፍትሄው ክብደት መጨመር ወይም ከፍታ መጨመር ነው፣ ኬጅ (ካሜራውን የሚከበው ብረት)፣ ሞኒተር፣ ትልቁን ባትሪ፣ ከካሜራው ሥር ከፍ ማድረጊያ ብረት። ከፍታው ለምን ይሠራል ካላችሁ፣ ከላይ ያለውን ስሌት ተመልከቱ፣ የክብደቱ መሃል ከዘንጉ ከ6 ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ከወጣ የሚጎትተው ኃይል በእጥፍ ይጨምራል፣ ለሞላው ካሜራው የከበደ ያህል ነው። ካልሆነም እንደ ማንፍሮቶ 504ኤችዲ አይነት ካውንተር ባላንሱ በደረጃ የሚቀየር ሄድ ነው የሚሻለው፣ እሱ ዜሮ፣ 2.5፣ 5 እና 7.5 ኪሎ ላይ ይቆማል፣ 2.5ቷ ለትንሹ ካሜራ ትቀርባለች።

አደጋው ደግሞ ካሜራ ስታወርዱ ነው፣ አጥብቄ የምለምናችሁ እዚህ ጋ ነው። ሞላው የካሜራውን ክብደት ተሸክሞ ነው ያለው፣ ካሜራው አጎንብሶ እያለ ፕሌቱን ካንሸራተታችሁት ሞላው የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ሄዱ ተስፈንጥሮ ይነሳል፣ ጣት ላይ ወይ አገጭ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁሌ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ቲልት ሎክ አድርጋችሁ፣ ከተቻለ ካውንተር ባላንሱን ዝቅ አድርጋችሁ ነው የምታወርዱት። እና ካሜራ ትራይፖድ ላይ ትታችሁ አንድ እርምጃ እንኳን ስትሄዱ ቲልት ሎክ፣ ባላንስ ቢደረግም ባይደረግም።

ብርድና ሙቀት ላይ ብዙ አልቆይም። ሲሊኮንም ቢሆን በብርድ ይወፍራል፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ንጋት 12 ሰዓት ቀበሮ ልትቀርጹ ስትወጡ ሄዱ ከማታው ይልቅ ቢከብድ ጤነኛ ነው፣ ካሜራውን ሳትጭኑ ድራጉን እያለዋወጣችሁ ፓኑን ሙሉ ዙር ደጋግማችሁ አዙሩት፣ ቲልቱንም እስከ ጫፍ፣ ግራሶው ይሞቃል ይዳረሳልም። ብዙ ወር መጋዘን የተቀመጠ ሄድም ሲጀምር ድርቅ ካለባችሁ ይሄንኑ አድርጉለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። አፋር ላይ ደግሞ ተቃራኒው፣ ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ሲውል ይቀጥናል፣ ድራጉ በአንድ ደረጃ የቀነሰ ያህል ይሰማችኋል፣ ገልፍ አገሮች ያላችሁም በበጋ የምታውቁት ነገር ነው። ጥላ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የማይመለሰው የቲልቱ ወይ የፓኑ መገጣጠሚያ ስንጥቅ ላይ ንጹህ፣ የሚያጣብቅ፣ እንደ ክር የሚሳብ ነገር ካያችሁ ነው፣ እሱ ፍሉዱ ራሱ ነው፣ የሚይዘው ላስቲክ ሄዷል። እንደዛ ከሆነ ሄዱ ለጥገና መሄድ አለበት። እስከዛ ድረስ በደረቅ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉት፣ እና ያንን የነካ እጅ ሌንስ እንዳይነካ፣ ሲሊኮን መስታወት ላይ ከያዘ ማስለቀቁ ከባድ ሥራ ነው።

አሁን ስለ ስፕሬይ። ሄድ ሲጠነክር ወይ ሲንጫጫ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ምክር "ደብሊው ዲ 40 ንፋበት" ነው። እባካችሁ አትንፉበት። እሱ ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ነገር ነው፣ በስንጥቁ ገብቶ ኩሽኔታው ላይ ያለውን ግራሶ ያጥበዋል፣ ብሬኩ ላይ ከደረሰ ሎኩ መያዝ ያቆማል፣ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። ለጊዜው ይለሰልስና "ሠራ" ይባላል፣ ከዛ በኋላ ነው የሚብሰው። የሞተር ዘይትም፣ የስፌት መኪና ዘይትም፣ ቫዝሊንም ያው ነው። ውጪው ላይ ቅባት የሚፈልግ ቦታ የለም።

ጽዳቱ ቀላል ነው። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ከስንጥቆቹ ወደ ውጪ ጥረጉ፣ በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ አየሩ አቧራውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ከዛ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ። ፕሌቱ የሚንሸራተትበትን መንገድ በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረጉ፣ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፣ ውስጡ የሚያለሰልስ ነገር ስላለበት የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይተዋል። ዳሎል ወይ ባሕር ዳርቻ ላይ ሠርታችሁ ከመጣችሁ የዛኑ ቀን ማታ ነው የሚጸዳው፣ ጨው እርጥበት ይስባል፣ አልሙኒየምና የብረት ብሎን የሚገናኙበት ላይ ይበላል፣ ብሎኑ በኋላ አልፈታ ይላል። ሄዱን በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ ደጋግሞ መጥረግና ማድረቅ፣ እግሮቹን ግን አውጥቶ በውሃ ማጠብ፣ እስኪደርቁ ዘርግቶ መተው። ሄዱን ከቧንቧ ሥር አታስገቡት።

ስታጓጉዙ ሎኮቹ ክፍት፣ ድራጉ ዝቅተኛ ላይ ይሁን። ብዙ ሰው አጥብቆ መቆለፍ የሚጠብቀው ይመስለዋል፣ ነገር ግን ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ እጀታው ሌላ ሻንጣ ሲመታው፣ ሄዱ ክፍት ከሆነ ይዞራል፣ ዝግ ከሆነ ያ ምት በሙሉ ብሬኩና ጥርሱ ላይ ያርፋል። እጀታውን ፈትታችሁ ወይ አጥፋችሁ ከእግሩ ጋር እሰሩት።

ስለ መፍታት። እጀታ፣ ፕሌት፣ የሎክ ማንሻ፣ የእግር መቆለፊያ፣ የመቀመጫ ብሎን፣ እነዚህን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የድራግ ክፍሎቹን ግን አትክፈቱ። ዲስኮቹ መሃል አየር ከገባ ፓኑ አንድ ቦታ ላይ ባዶ ይሆናል፣ ይይዛል ይለቃል ይይዛል፣ ተራ ግራሶ ሞልቶ መዝጋትም አያስተካክለውም፣ የውፍረቱ መጠን ለዛ ክፍተት የተመረጠ ነው። የካውንተር ባላንሱ ሞላ ደግሞ ተጨምቆ ነው የተገጠመው፣ ሽፋኑን ስትፈቱ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። ለጥገና ስትሰጡ "ሄዱ ተበላሽቷል" አትበሉ፣ የቱ ላይ እንደሆነ፣ ፓን ነው ቲልት፣ ስንተኛው ድራግ ላይ፣ ሲጀምር ነው ሲያቆም፣ ካሜራ ሲጫን ብቻ ነው ያለ ካሜራም፣ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ለጠጋኙ ስጡት፣ እና ምን አይነት ፍሉድ እንደሚሞላ ጠይቁ። "ተራ ግራሶ ነው" ብሎ ከመለሰላችሁ መልሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶ ሄድ ላይ ሁሉም ጥሩ ይመስላል። እያንዳንዱን የድራግ ደረጃ በየተራ ሞክሩ፣ 2 እና 3 ልዩነት ከሌላቸው አንዱ ሞቷል። 45 ዲግሪ አጎንብሳችሁ ሎክ አድርጉና ሌንሱን በጣት ጫን በሉት፣ ቀስ እያለ ከወረደ ብሬኩ አልቋል። ስንጥቆቹን በነጭ ሶፍት አሹና ዘይት መውጣቱን እዩ፣ ትኩስ ተጠርጎ የመጣ ከሆነ ጨዋታችሁን አስረዝማችሁ ሄዱን እያዟዟራችሁ ቆዩና መልሳችሁ አሹ። ፕሌቱ አብሮ መኖሩን፣ ከሌለ ደግሞ የዛ አይነት ፕሌት ገበያ ላይ መኖሩን አጣሩ። ግማሽ ኳሱንም ለኩ፣ 75 ሚሜ ሄድ 100 ሚሜ ቦል ላይ የሚቀመጠው በአዳፕተር ነው፣ 100ው ግን 75 ውስጥ በምንም አይገባም፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት የእግራችሁን ቦል ስፋት በማስመሪያ ለክታችሁ እወቁት።